ፀሐዩ ፀ፣ ጸሎቱ ጸ

ሰውየውን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ኢንጂነር» ይለዋል። ኢንጂነር ግን አይደለም። የፎቶኮፒና የማተሚያ ማሽን ጠጋኝ ነው። የስምንት ወር ኮርስ ወስዶ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ፣ ማሽን የነከሰውን ወረቀት ሲያስለቅቅ የኖረ ሰው ነው። ስሙን ያወጣችለት የሦስተኛ ፎቅ ጸሐፊ ናት። አንድ ቀን አለቃዋ ስብሰባ ሊገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ ወረቀቱን ነክሶ አልለቅም አለ። እሱ መጥቶ በሁለት ጣቱ መዘዝ ሲያደርገው፣ «ኢንጂነር ማለት እንዲህ ነው!» አለች። ያን ጊዜ «ኧረ እኔ ጠጋኝ ነኝ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈገግ አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት መብራት ሲጠፋበት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ «አላውቅም» የሚባለው ቃል ከአፉ አይወጣም። መንገድ የጠየቀውን ሰው ሁሉ ያሳያል፣ መንገዱን ቢያውቀውም ባያውቀውም። ስንቱ ምስኪን የእሱን ጣት ተከትሎ ሲዞር እንደዋለ ፈጣሪ ይወቀው።

ከአራት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሲያስወግድ አንዱን ለምኖ ወሰደ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ አስቀመጠው፣ ከኢንተርኔቱ ራውተር ጋር በኬብል አገናኘው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተንበርክኮ ሲጎረጉር ከርሞ የቤተሰቡ ፋይል ሁሉ የሚከማችበትን ሰርቨር ሠራ። ስሙንም «ጎተራ» አለው። ከዚያማ ማን ይቻለው! ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሰብስቦ ሰበከ።

«ፎቷችሁን የማታውቁት ሰው የኢንተርኔት ደመና ላይ ሰቅላችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ! የእኔ ላም እዚሁ ኮሪደር ላይ ታስራለች። በፈለጋችሁ ሰዓት ታልቧታላችሁ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም እሺ አለ። የሠርግ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የመጀመሪያ እርምጃ ሳይቀር ጎተራው ውስጥ ገባ። ጎተራውም በየቀኑ ማለዳ ቅዳ የተባለውን ፎልደር ሁሉ ወደ ሌላ መጠባበቂያ ዲስክ ይቀዳና ስልኩ ላይ መልእክት ይልክለታል፦ «ቅጂው ተሳክቷል»፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት። እሱ ሻዩን እየጠጣ አረንጓዴዋን ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ከምልክቷ በታች በደቃቅ ጽሑፍ ከየፎልደሩ ስንት ፋይል እንደተቀዳ ተዘርዝሯል። ወደዚያ ወርዶ አንብቦ አያውቅም። ሚስቱ «ጎተራህ እንዴት ነው?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሁሉ ደህና ነው!»

ሚስቱ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት። ፊደል ታስተምራለች፤ በፊደል ቀልድ አታውቅም። የገበያ ዝርዝር ጽፎ ሲሰጣት እንኳ ቀይ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ነው።

«ይሄ እኮ ፀሐዩ ፀ ነው። አንተ የጻፍከው ጸሎቱን ጸ።»

«ስታነቢው ልዩነት አለው?»

«ስታነበውማ የለውም።»

«አበቃ! አፍ ላይ ልዩነት ከሌለው ሆድ ውስጥ ከየት ይመጣል?»

እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ዓመት ኖረዋል። እሷ ታርማለች፣ እሱ ይስቃል።

የእሷ እናት የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት እነዚህ ባልና ሚስት ቤት ነው። በመስኮቱ ጎን አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበረቻቸው፤ ከእሷ አይነሱም። መምህርቷ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኳን ጉልበታቸው ላይ ታስቀምጥና ታስወራቸዋለች። የልጅነታቸውን ወሬ፣ ተረት፣ የሞቱትንም ያሉትንም ዘመዶች ሐሜት፤ አሮጊቷ ሐሜት ላይ አይቻሉም ነበር። አርባ የድምፅ ቅጂ እንዲህ ተቀዳ። አርባ አንደኛው ግን ሌላ ነው።

«ስልኩን ክፈችልኝና ውጪ» አሏት አንድ ቀን። «በሩንም ዝጊው። ይሄ ለወንድምሽ ነው።»

ሲጨርሱ ጠሯትና እንዲህ አሉ፦ «በስልክ እንዳትልኪለት። መሪ ይዞ እንዲሰማው አልፈልግም። ሲመጣ፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይስማ። አንቺም አትስሚው።» አልሰማችውም። በሳምንታቸው አረፉ።

ወንድሟ የረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እናቱ ሊሞቱ አሥር ቀን ሲቀራቸው ደውሎ ነበር። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ጭነትህን አድርስ» አሉት። አመናቸው። የጫነውን ሲሚንቶ አደረሰ። ሲመለስ እናቱ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ወንበሯን አየ፣ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ዞሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እህቱ ቤት አልረገጠም። በየሳምንቱ ይደውላል፣ ስለ ቅጂው ሲነሳ ግን «ገና ነኝ፣ እቴቴ። እናቴን ለሲሚንቶ የለወጥኩ ሰው ድምጿን በምን ጆሮዬ እሰማዋለሁ?» ይላል።

ያን ሳምንት ደወለና፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ። አሁን የምችል መሰለኝ» አላት። መምህርቷ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

ረቡዕ ዕለት የኢንተርኔት ሠራተኛ መጥቶ ራውተሩን በአዲስ ቀየረ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ለቅዳሜ ለማዘጋጀት ብላ ጎተራውን በስልኳ ልትከፍት ስትሞክር «ሰርቨሩ አልተገኘም» አላት። ባሏ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው።

«ላምህ ጠፍታለች።»

«ራውተሩ ነው። አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አለና ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ።

የሰውን ሥራ ማቃለል ነውር ነውና እውነቱን እንናገር፤ ያን ዕለት ጎበዝ ነበር። ኬብሉን ነቅሎ ሰካ፣ መብራቱን አየ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የአዲሱን ራውተር ዝርዝር ከፈተ። ራውተር ማለት ቤት ውስጥ ላለው መሣሪያ ሁሉ ቁጥር የሚያድል ነው። የድሮው ለጎተራው አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶት ነበር፤ አዲሱ ያንን ከየት ይወቅ፣ የመጣለትን ሌላ ቁጥር ሰጠው።

«አየሽ፣ ጎተራው ቤት ቀይሮ አልነገረንም። ስልክሽ የድሮ በሩን ነው የሚያንኳኳው።»

አዲሱን ቁጥር አስገባላት። የፎልደሮቹ ስም አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አለ። አጨበጨበችለት። ደረቱ ተነፋ፤ ጎረቤት ቢኖር ይጠራ ነበር።

ከዚያ አንድ ፎቶ ነካች። አልተከፈተም። ሌላ ነካች። ክቧ ምልክት ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ከጫማ መደርደሪያው በላይ ደግሞ ድምፅ መጣ፦ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን ያዳመጠ ጆሮ ይሄን ድምፅ አይስተውም። ዲስኩ ነው፤ እየሞተ ነው። ያ ዲስክ ደግሞ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብሮ የመጣ፣ ያኔውኑ ሰባት ዓመት የሠራ ነበር። ለሚስቱ ግን «አዲስ ነው» ብሏታል።

«ምንድነው የሚንቀጫቀጨው?»

«ምንም። እየተነሳ ነው። ሁሉ ደህና ነው» አለ፣ ዐይኗን ሳያይ።

ዓርብ «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ከሥራ ቀረ። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ወሰደው። ባለ ሱቁ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ዲስኩን ከራሱ ማሽን ጋር አገናኝቶ አፍታ አዳመጠና ነቀለው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ጨርሷል። ውስጡ ተፋፍቋል። ሌላ ቅጂ ይኖርሃል መቼም፣ ላንተ አይነገርም።»

«እንዴታ!» አለ ኢንጂነሩ። እንዲያውም ትንሽ ሳቀ።

ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ መጠባበቂያው አለ። ቤቱ ገብቶ መጠባበቂያ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። የሠርጉ ፎቶ ተከፈተ። የቤት ካርታው ተከፈተ። የእህቱ ልጅ ዲፕሎማ ተከፈተ። ተመስገን አለ፣ ላቡን ጠረገ። «የእማዬ ድምጽ» የሚለውን ፎልደር ከፈተ።

ባዶ ነው። ዘግቶ ከፈተው። ባዶ። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ያው ባዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫማዎቹ መካከል ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስካሁን ያልነገርኳችሁ እሱም ለማንም ስላልተናገረው ነው። አርባ አንዱን ቅጂ ከሚስቱ ስልክ ወደ ጎተራው ያሻገረው ራሱ ነበር፤ ከስልኳ ያጠፋውም ራሱ ነው፤ «ስልክሽን አስጨንቀሽ ምን ያደርጋል፣ ጎተራ ገብቷል» ብሎ። ያን ዕለት፣ መተላለፋቸውን ለማረጋገጥ ብሎ፣ የመጨረሻውን ነካው። የመጨረሻውን! አርባ ሌላ ፋይል እያለ። አንድ ሁለት ቃል ሰምቶ ማቆም ይችል ነበር። እስከ ጫፉ ሰማው፤ ደግሞም ሰማው። በመጨረሻው ላይ ስለ እሱ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ነበረች፤ ያቺ ቃል እንደ እሾህ ገብታ ተሰበረችበት። ከወር በኋላ ሚስቱ «እስቲ የእማዬን ድምፅ በፍላሽ ቅዳልኝ፣ ለክፉም ለደጉም» ስትለው ገነፈለ። «እኔ ላይ እምነት የለሽም? እናትሽም እንደዚሁ ነበሩ!» አላት። ለምን እንደተቆጣ አልገባትም። ዳግመኛ አልጠየቀችውም።

እንግዲህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስቱ መጣች። ሾርባ አቀረበች፣ ተቀመጡ።

«ተስተካከለ?»

ማንኪያውን እያማሰለ፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አለ። «የእማማ ፎልደር ብቻ... ባዶ ነው።»

«ባዶ ማለት?»

እዚህ ጋ «አላውቅም» ቢል ይበቃው ነበር። ምን አለ መሰላችሁ?

«እንጃ እንግዲህ፤ አንቺ በስልክሽ ስትነካኪ አጥፍተሽው ይሆናል። ስንቴ ነው አትነካኪ ያልኩሽ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጣቶቿን አየቻቸው፣ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና መሳቢያ ስታተራምስ ተሰማ፤ ድምፁ የተቀዳበትን አሮጌ ስልኳን እየፈለገች ነው። እሱ ሾርባውን ጨረሰ። የዚያን ሾርባ ነገር ሲያስታውስ ዛሬም ፊቱ ይቀላል፤ እንዴት ወረደልኝ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ኢንጂነሩ መጠባበቂያው ዲስክ ላይ የሚቀመጠውን የጎተራውን መዝገብ ከፈተ። ማሽን አይዋሽም፤ አጥፊው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል ብሎ ነው። እውነትም ተጽፏል። ማለዳ ማለዳ ያልተነበበችው ደቃቅ ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ተደርድራ ጠበቀችው፦ «የእማዬ ድምጽ፦ የተቀዳ 0»። በማግሥቱም 0። በሠልስቱም 0። ከእያንዳንዷ ጎን አረንጓዴ ምልክት። ባዶ ፎልደር በየቀኑ ያለ አንዳች ስሕተት ሲቀዳ ኖሯል።

ታዲያ ድምፁ የት ነበር? የሞተው ዲስክ የያዛቸው ፎልደሮች ዝርዝር እዚያው መዝገብ ውስጥ ቀርቶ ነበርና አየው፦ «የእማዬ ድምፅ፦ 41 ፋይል»። ሁለቱን ስም አንዱን ከአንዱ በታች አስቀመጠ። አነበባቸው። አንድ ናቸው። ድጋሚ አነበባቸው። ሦስተኛው ላይ ማንበቡን ተወና አያቸው።

የላይኛዋን ያኔ ስልኳ ላይ የጻፈችው ሚስቱ ናት፤ በፀሐዩ ፀ። የታችኛዋን እሱ ነው የጻፋት፤ በጸሎቱ ጸ። ከሁለት ዓመት በፊት ለመጠባበቂያው «ይሄን ፎልደር ቅዳ» ብሎ ስሙን ሲያስገባ፣ ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም፣ ልፍጠር?» ብሎ ጠይቆት ነበር። አሁን ትዝ አለው። «አዎ» ብሎ ተጫነ፤ የሚያውቅ ሰው «አይ» ይላል እንዴ? አፍ ላይ ልዩነት የሌላት ፊደል ማሽን ሆድ ውስጥ ሁለት ጎተራ ሠራች፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ባዶ፤ የሚጠበቀው ባዶው።

የሚያሳፍረው ገና መጣ። ሰውየው ምን እንዳሰበ ልንገራችሁ፤ ራሱ ነው በኋላ የተናገረው። አንዲት ፊደል ቢለውጥ ማን ያውቃል? ጽን ደምስሶ ፅን ቢተካ፣ መዝገቡን ቢያጠፋ፣ አለቀ፤ «ነካክተሽ አጠፋሽው» ያለው እውነት ሆኖ ይቀራል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር።

ሚስቱ ገባች። ዐይኗ አብጧል። አሮጌ ስልኳን ከነቻርጀሩ ይዛለች።

«ቻርጅ አልቀበል አለኝ» አለች። «ቢበራም ያኔ ተጠርጓል መሰለኝ። ስማ፣ ሳስበው ሳስበው... እኔ ነክቼው ይሆናል። ይቅር በለኝ። ለወንድሜ እኔ እነግረዋለሁ። አንተ አትጨነቅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰቃይተሃል።»

ውሃ ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት እንደሆነ ለተፈለገችበት ጊዜ አትሰነጠቅም። ላፕቶፑን ወደሷ አዞረው።

«አንብቢው።»

«የእማዬ ድምፅ» ብላ አነበበች። «የእማዬ ድምፅ።» የልጆች ደብተር ስታርም እንደምታደርገው ጎንበስ አለችና የታችኛዋን ፊደል በጥፍሯ ነካቻት።

«ይቺ ጸሎቱ ጸ ናት።»

«አዎ።»

«የጻፍካት አንተ ነህ።»

«አዎ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ስልኩን ከነቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሌሊቱን ሙሉ እኮ የገዛ ጣቴን ስረግም ነው ያደርኩት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አላውቅም ነበር» አለ። ያቺ ቃል በሃምሳ አንድ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች፤ ማንንም በማትጠቅምበት ሰዓት። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ።

ሾፌሩ ግዙፍ ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጥቷል። እህቱን አቀፋት፣ የእህቱን ባል «ጋሼ» ብሎ ጨበጠው፣ ከዚያ ሳይጠየቅ ወደ መስኮቱ ሄደ። የእናቱን ወንበር መደገፊያ በእጁ ዳሰሰው። ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እሺ። ዝግጁ ነኝ» አለ።

እህቱ ልትናገር ስትል ባሏ ቀደማት።

«ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እህትህ የለችበትም፤ ትናንት በሷ ያሳበብኩት ውሸቴን ነው።» ቆሞ እንደተከሰሰ ሰው ሁሉንም ዘረዘረ፤ አሮጌውን ዲስክ፣ ባዶውን ፎልደር፣ ፊደሏን።

«ፊደል?» አለ ሾፌሩ።

«ፊደል።»

ሾፌሩ አልተቆጣም። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አዞረው፣ መልሶ አዞረው። «ይገባኛል» አለ። «ያኔ ሳልደርስላት፣ አሁን ድምጿ ለምን ይደርሰኛል? የሥራዬን ነው ያገኘሁት።» ሊነሳ እጁን መደገፊያው ላይ አደረገ።

ኢንጂነሩ ይሄን መቋቋም አልቻለም። «ቆይ! እኔ ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምን?» አለች ሚስቱ።

«ሳሻግረው ሰማሁት። እስከ መጨረሻው። ሁለቴ።»

ሚስቱ አየችው። እናቷ «አትስሚው» ስላሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዋን የያዘች ሴት ናት። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰችበት። እሱ ሽምቅቅ አለ፤ አንዴ ጀምሯልና ቀጠለ፤ እንደሰማው፣ በአሮጊቷ አነጋገር፦

«‹ልጄ፣ በስልክ ደህና ነኝ ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ከነገረኝ ሳምንት አልፎኝ ነበር። አውቄ ነው የዋሸሁህ። ሆደ ባሻ ነህ፣ ከወለድኩህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ዐይንህ እንባ ሞልቶ ያንን የሚያህል መኪና በቁልቁለት ስትነዳ ታየኝ። ከእኔ እንዳትቀድም ብዬ ነው። አልደረስኩላትም እያልክ አትብሰልሰል። አንተ አልቀረህም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።›»

ሾፌሩ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ደግ ነህ። አመሰግናለሁ። ግን እኔ አንተን አውቅሃለሁ። አንተ ሁልጊዜ ‹ሁሉ ደህና ነው› ነው የምትለው። እኔን ለማጽናናት አሁን የፈጠርከው አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

የሃምሳ አንድ ዓመት አፉ ተሰብስቦ ፊቱ ቆመ። ለአንዴ እውነት ተናገረ፣ የሚያምነው ሰው ግን የለም። ሾፌሩ ቆቡን አድርጎ ተነሳ፣ ወደ በሩ ሄደ። ኢንጂነሩ የዘለላት አንዲት ቃል ነበረች። ሁለት ዓመት የቀበራት፣ አሁንም ሲናገር ቀስ ብሎ ያለፋት። ሚስቱን አየ፤ ጀርባዋን ነው የሰጠችው።

«ትንሽ ይቀራል» አለ።

ሾፌሩ በሩ ላይ ቆመ።

«‹የእህትህ ባል...›» አለና እንደገና ጀመረ። «‹የእህትህ ባል አፉ ሰፊ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። አላውቅም የምትለዋን ቃል እናቱ ሳታስተምረው ሞታ ነው። አትናቀው። ግን ልጄ፣ የምትወደውን ነገር እሱ ጋ አታስቀምጥ። ይሄንንም ቅጂ እንደሰማህ ለራስህ ውሰደው፤ ፎክሮ ፎክሮ አንድ ቀን ያጠፋዋል።›»

መጀመሪያ የተሰማው የሚስቱ ድምፅ ነው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም፤ መስኮቱን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ደግሞ ከበሩ ተመለሰ። ቆቡን አወለቀ። ያ ግዙፍ ሰው ወንበሯ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በቆቡ ሸፈነና እንደ ልጅ አለቀሰ።

«እሷ ናት» አለ። «ይሄን አንተ አትፈጥረውም። እሷ ናት። ዋሸችኝ እኮ፣ እቴቴ! ዋሽታኝ ነው!»

ኢንጂነሩ መሃል ክፍሉ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። የሚገባበት ቢያጣ ብርቱካኑን ከፌስታሉ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር። ሚስቱ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ስልኳን ይዛ መጣች። መቅጃውን ከፍታ ፊቱ ያዘችለት። ገና አላየችውም፤ የምታየው ስልኩን ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አለችው። «ስላንተ ያለችውንም እንዳትዘላት።»

«‹ልጄ› አሉ» ብሎ ጀመረ።

«‹አሉ› አትበል» አለችው። «እንዳለችው በለው።»

እንዳሉት አለው።